ፊደልም እንደ ዕቃ ይጫናል

የአማርኛን ፎንት በኮምፒዩተር ኮንቴይነር ውስጥ ስለ ማኖር ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

የንግድ ሥራ በወረቀት የሚጠበቅ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ዕቃው የሚሸጠው በዐይን ታይቶ፥ በእጅ ተዳስሶ ቢሆንም፥ መሸጡ የሚታመነው ግን በጽሑፍ ነው። ደረሰኝ፥ ፕሮፎርማ፥ የዋጋ ዝርዝር፥ የማስረከቢያ ሰነድ፥ በከረጢት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር፥ እነዚህ ሁሉ የነጋዴው አንደበት ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ የተበላሸበት ነጋዴ አንደበቱ እንደ ተያዘ ሰው ይቆጠራል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፥ የከተማ አውቶቡሶች ዴፖ በሚገኝበት በሸጎሌ፥ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥና የሰፈሩን ነጋዴዎች ወረቀት የሚያትም አንድ ሱቅ ለምሳሌ ይወሰድ። ባለሱቁ ለባልትና ቤቶች የበርበሬና የሽሮ ስቲከር፥ ለአከፋፋዮች የዋጋ ዝርዝር፥ ለአነስተኛ አምራቾች የማስረከቢያ ሰነድ ያትማል። ቀድሞ እያንዳንዱን ገጽ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በእጁ ሲያስተካክል ይውል ነበር። የእኅቱ ልጅ የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ ከመጣ በኋላ ግን ሥራው ቀለለት። ልጁ የደንበኛውን ትእዛዝ ተቀብሎ ገጹን ራሱ የሚያሰናዳ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ፕሮግራሙንም ኮንቴይነር በተባለው ዘዴ አሽጎ፥ ሌሊትም ቀንም ወደማይጠፋ የኪራይ ሰርቨር ላከው።

በልጁ ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ሥራው እጅግ ያማረ ነበር። ሰርቨሩ ባሰናዳው የመጀመሪያ ትእዛዝ ግን፥ ለፋሲካ ገበያ የታዘዘው 2,000 ስቲከር ታትሞ ሲወጣ፥ ክብደቱና የስልክ ቁጥሩ በደኅና ሲነበቡ፥ «በርበሬ» የሚለው ቃል በነበረበት ቦታ አራት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ተገኙ። የባልትናዋ ባለቤት ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ይህን ለጥፌ ምን ብዬ ልሽጥ?» አሉ። የስቲከሩ ወረቀትና ቀለም ከሰረ፤ በዓሉም እየተቃረበ ነበር።

«ልጄ፥ ፊደሉ ወዴት ጠፋ?» ብሎ አጎቱ ቢጠይቀው፥ ልጁ ጥቂት መርምሮ «ጋሼ፥ ፊደሉስ አልጠፋም፤ ከመጀመሪያውም አልተጫነም» ሲል መለሰለት። መልሱ አጭር ቢሆንም የነገሩን ሥር የያዘ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ዛሬ ሥራቸውን በኮምፒዩተር ለሚያካሂዱ ነጋዴዎች ሁሉ ሊደርስ የሚችል ስለሆነ፥ ምክንያቱንና መፍትሔውን በዝርዝር መመልከት ይገባል።

ኮንቴይነር የተባለው ነገር

ኮንቴይነር ለአስመጪና ለላኪ እንግዳ ነገር አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1956 ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የጭነት ሥራ ባለቤት «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጆንያና በርሜል በሰው ትከሻ ከመርከብ ይወጣና ይገባ ነበር። ሣጥኑ ከመጣ በኋላ ግን ዕቃው አንድ ጊዜ ከታሸገ፥ መርከቡም፥ ባቡሩም፥ የጭነት መኪናውም በውስጡ ያለውን ሳያውቁ ያመላልሱት ጀመር። ዛሬ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባው ኮንቴይነር የዚሁ አሠራር ፍሬ ነው።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ይህንኑ ሐሳብ ተዋሱ። ከእነዚህም መካከል በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ለሕዝብ የታየው «ዶከር» የተባለው መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ ታዋቂ ሆነ። መሣሪያው ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ ያሽጋል፤ የታሸገውም ነገር በየትኛውም ሰርቨር ላይ ቢራገፍ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ይሠራል። በውስጡ ምን ምን እንደሚገባ የሚዘረዝረው ጽሑፍ «ዶከርፋይል» ይባላል። ይህም ለአስመጪው እንደ ፓኪንግ ሊስት የሚቆጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በፓኪንግ ሊስት ላይ ያልሰፈረ ዕቃ በኮንቴይነሩ ውስጥ አይገኝም። ላኪው በመጋዘኑ ውስጥ የተትረፈረፈ ዕቃ ቢኖረውም፥ ካልጫነው ለተቀባዩ አይደርሰውም። የልጁም ኮምፒዩተር የአማርኛ ፎንት ነበረው፤ መጋዘኑ ሙሉ ነበር ማለት ነው። ኮንቴይነሩ ግን የተሠራው እጅግ ቀላል እንዲሆን ታስቦ ከተዘጋጀ መሠረት ላይ ስለ ነበር፥ የላቲን ፊደል እንጂ የአማርኛ ፊደል አልነበረበትም።

የግእዝ ፊደል የቆየ ጉዞ

ፊደላችን ባሕር ተሻግሮ በባዕድ ማተሚያ ቤት ሲፈተን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፥ ያሳተመውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ካህን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1513 በሮም ከተማ ነው። ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቢሆንም፥ ግእዝን «ከለዳዊ» ቋንቋ ነው ብሎ ያምን ነበር። ፊደሉ በትክክል ታትሞ ስሙ ግን ተሳስቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በ1548ና በ1549 በዚያው በሮም አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። እኒህ አባት በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ የሰጡት ምክንያት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ይኸውም ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ የማይችሉ፥ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ደግሞ የኅትመትን ጥበብ የማያውቁ በመሆናቸው፥ ሁለቱም ወገን እንደ ዕውራን እየተመራሩ ሥራውን የፈጸሙት መሆኑን የሚገልጽ ነው። በሸጎሌው ሱቅ የደረሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰርቨሩ አማርኛ አያነብም፤ ባለሱቁም የሰርቨሩን ጠባይ አያውቅም። በመካከላቸው የሚመረምር ሰው ስላልነበረ ስሕተቱ እስከ ደንበኛው እጅ ድረስ ተጓዘ።

በአገራችን በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ ፊደል ለቃሚው ፊደሉን የሚያነብ የአገሩ ሰው ሆነ። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የግእዝን ፊደል በጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል ብዙ ደከሙ። ድካሙም የመነጨው ከፊደሉ ብዛት ነበር፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩበት ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል።

ኮምፒዩተር ሲመጣም ይኸው ችግር ተከተለው። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎች የአማርኛውን ፊደል በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው፥ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡት። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን አቀማመጥ ስለ መረጠ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። በጽሑፍ አሰናጅነቱ «ቴክ» በተባለው ሥርዓት ለሚሠሩትም ብርሃኑ በየነ፥ ማንፍሬድ ኩድሌክ፥ ኦላፍ ኩመርና ዮሐን መትዚንገር «ኢትዮፕ» የተባለውን የግእዝ ፊደል ማሰናጃ አዘጋጅተው ነበር።

ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያስታርቅ ስምምነት የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ3ኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን በተቀበለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በተለያየ ጊዜ እየተጨመረ በ2021 ጠቅላላው 523 ደረሰ። «ሀ» የተባለው ፊደል በመዝገቡ 4608ኛውን ቁጥር ይዟል፤ በአዲስ አበባም ሆነ በቶኪዮ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ቁጥር ሌላ፥ መልክ ሌላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ ለፊደሉ ቁጥር ይሰጠዋል እንጂ መልክ አይሰጠውም። መልኩን የሚሰጠው ፎንት የተባለው ፋይል ነው። ቁጥሩ እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር፥ ፎንቱም እንደ ገንዘቡ ቢቆጠር ነገሩ ይገለጻል፤ የሒሳቡ ቁጥር ትክክል ቢሆንም በካዝናው ገንዘብ ከሌለ ክፍያ አይፈጸምም። ማሽኑ 4608 የሚለውን ቁጥር አይቶ መልኩን በያዘው ፎንት ውስጥ ሲፈልግና ሲያጣ፥ ብዙ ጊዜ ባዶ ሳጥን፥ አንዳንድ ጊዜም ባዶ ቦታ ያኖራል። ባለሙያዎች ይህን ሳጥን ከአኩሪ አተር በሚሠራው የሩቅ ምሥራቅ ምግብ ስም «ቶፉ» ይሉታል። ጉግል የተባለው ኩባንያ ለዓለም ፊደላት ያዘጋጃቸው ፎንቶች «ኖቶ» የተባሉትም «ከእንግዲህ ቶፉ አይኑር» ለማለት ነው።

የሸጎሌው ልጅ የተጠቀመበት የጽሑፍ ማሰናጃ «ዚቴክ» የተባለው ነበር። ይህ መሣሪያ ዶናልድ ክኑት የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1978 ካወጡት ከ«ቴክ» የተወለደ ሲሆን፥ በ2004 ያዘጋጀው ጆናታን ኪው ነው። ዩኒኮድን በቀጥታ ስለሚያነብ ለአማርኛ የተመቸ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። በስሙ የተጠራ ፎንት ጭራሹን ከታጣ ጮሆ ይቆማል። ፎንቱ ተገኝቶ በውስጡ የአማርኛው መልክ ከሌለ ግን አይጮህም፤ «ይህ ፊደል በዚህ ፎንት የለም» ብሎ በሥራ መዝገቡ ላይ ጽፎ ብቻ ሥራውን ይቀጥላል።

ልጁም በቅንነት «የአማርኛው ፎንት ካለ በእርሱ ሥራ፥ ከሌለ በተገኘው ቀጥል» የሚል ትእዛዝ ጽፎ ነበር። በኮንቴይነሩ ውስጥ የተገኘው የላቲን ፎንት ብቻ ስለ ሆነ፥ ማሽኑ እንደ ታዘዘው ቀጠለ፤ የእያንዳንዱንም ፊደል መታጣት በመዝገቡ ጻፈ። መዝገቡን ግን ማንም አላነበበውም። ሥራው እንዳይቆም የተጻፈው ትእዛዝ የሚቆምበትን ምክንያት ሸፈነው።

ፎንቱን የመጫን ሥርዓት

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በተራ መፈጸም ግን ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ፎንቱን መምረጥ ነው። «አቢሲኒካ ሲል» የተባለው ፎንት በብራና ጸሐፍት የእጅ ጽሕፈት ወግ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለረዥም ጽሑፍ ይስማማል። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ደግሞ ቀጥ ያለ መልክ ስላለው ለስቲከርና ለዋጋ ዝርዝር ይመቻል። ዴቢያን በተባለው ሥርዓት ላይ ለተሠራ ኮንቴይነር ሁለቱም በተዘጋጀ እሽግ መልክ ይገኛሉ። ነጋዴው ለድርጅቱ ያሠራው የራሱ ፎንት ካለው ግን ፋይሉን ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ መዝገብ ማኖር ይገባል።

ሁለተኛ፥ በዶከርፋይሉ ላይ ፋይሉ ወደ ኮንቴይነሩ የፎንት ማኅደር እንዲገለበጥ በግልጽ ማዘዝ ነው። ፋይሉ ለማንበብ የተፈቀደ መሆኑንም ማረጋገጥ ያሻል፤ ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ሲሠራ፥ የተቆለፈ ፎንት እንደሌለ ይቈጠራልና።

ሦስተኛ፥ «ፎንትኮንፊግ» የተባለው የፎንት መዝገብ ያዥ በኮንቴይነሩ ውስጥ መኖሩን አረጋግጦ፥ «ኤፍ.ሲ. ካሽ» በተባለው ትእዛዝ መዝገቡን ማደስ ነው። ዕቃ መጋዘን ገብቶ በስቶክ ካርድ ላይ ካልተመዘገበ ሻጩ እንደማያገኘው ሁሉ፥ ያልተመዘገበ ፎንትም በስሙ ሲጠራ ላይገኝ ይችላል። በ«ሉአቴክ» የሚሠሩ ሰዎች ይህ መሣሪያ የራሱ የፎንት መዝገብ ስላለው ያንኑ ለብቻው ማደስ አለባቸው። በ«ታይፕስት» የሚሠሩም የፎንቱን ማኅደር በትእዛዙ ላይ ሊጠቁሙት ይችላሉ።

አራተኛ፥ «ኤፍ.ሲ. ሊስት» በተባለው ትእዛዝ አማርኛ የሚችሉትን ፎንቶች ማስቈጠር ነው። መልሱ ባዶ ከሆነ ሥራው እዚያው ይቁም። በዚህ ዝርዝር ላይ የሚታየው የፎንቱ ስም በሰነዱ ላይ ከተጻፈው ስም ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት፤ የፋይሉ ስምና የፎንቱ ስም ብዙ ጊዜ ይለያያሉና።

አምስተኛ፥ «ከሌለ በተገኘው ቀጥል» የሚለውን ትእዛዝ ማስወገድ ነው። ከዚህም በላይ፥ በ2021 ከወጣው የቴክ ስብስብ ጀምሮ የታጣ ፊደል እንደ ስሕተት ተቈጥሮ ሥራውን እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። 2,000 የተበላሸ ስቲከር ከማተም ይልቅ ሳያትሙ መቆም ይሻላል።

ስድስተኛ፥ የወጣው የፒ.ዲ.ኤፍ. ሰነድ ፎንቱን በውስጡ መያዙን «ፒ.ዲ.ኤፍ. ፎንትስ» በተባለው መሣሪያ መመርመር ነው። ፎንቱ በሰነዱ ውስጥ ካልተካተተ፥ በባለሱቁ ዘንድ ያማረው ወረቀት በደንበኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደገና ሊበላሽ ይችላል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ፎንቱን በኮንቴይነሩ ውስጥ ሳያሽጉ፥ ሥራው በሚጀመርበት ጊዜ ከሰርቨሩ ማኅደር ጋር ማገናኘትን ይመርጣሉ። ይህ ኮንቴይነሩን ቀላል ያደርገዋል፤ ፎንት ለመለወጥም ይመቻል። ነገር ግን በሾፌሩ ወንበር ሥር እንደ ተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ኮንቴይነሩ ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር ዕቃው በፊተኛው መኪና ይቀራል። ሰርቨር ለሚለዋውጥ ነጋዴ አብሮ ማሸጉ የታመነ ነው።

ስለ ፈቃድና ስለ አሮጌ ጽሑፍ

ፎንት የሰው ድካም ፍሬ ነው፤ ባለቤትም አለው። «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» የወጡበት ነፃ የፎንት ፈቃድ ፎንቱን መጠቀምን፥ በሰነድ ውስጥ ማካተትንና ከፕሮግራም ጋር አሽጎ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ግን ይከለክላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው «ኒያላ» ግን የንግድ ፈቃድ ያለው ስለሆነ፥ ውሉ ሳይነበብ ገልብጦ ለሌላ በሚተላለፍ ኮንቴይነር ውስጥ ማሸግ አይገባም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአእምሮ ሥራን የሚጠብቅ መሆኑን ነጋዴው ሊዘነጋው አይገባም።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የቆየ የዕቃ ዝርዝር ያላቸው ነጋዴዎችም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ያ ጽሑፍ ለማሽኑ የላቲን ፊደል እንጂ አማርኛ አይደለም። በአዲሱ ኮንቴይነር ሲከፈት ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይወጣል፤ አዲስ ፎንት መጫንም አያድነውም። አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ደግሞም በ2021 ወደ ዩኒኮድ ከገቡት ፊደላት መካከል ለጉራጊኛ የተጨመሩ 28 አሉ። ከዚያ በፊት የወጣ ፎንት እነዚህን ስለማያውቅ፥ በጉራጊኛ ለሚጽፍ ደንበኛ የሚሠራ ሱቅ የፎንቱን እትም መመርመር ይጠበቅበታል።

የኮምፒዩተሩ ባለሙያ ይህን ሁሉ ቢፈጽም እንኳ አንድ ነገር ለነጋዴው ይቀራል፤ እርሱም ማንበብ ነው። በሸጎሌው ሱቅ አማርኛው ፎንት በኮንቴይነሩ ታሽጎ፥ የዋዛው ትእዛዝ ተሰርዞ፥ ስቲከሩ እንደገና ሲሰናዳ፥ ባለሱቁ 2,000ውን ከማሳተሙ በፊት አንድ ብቻ አትሞ ወደ ባልትና ቤቱ ይዞ ሄደ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «በርበሬ ይላል» አሉ። የቀረው የታተመው ከዚህ በኋላ ነው። ስቲከሩ ለፋሲካ ገበያ ደረሰ፤ የፊተኛው ወረቀት ዋጋ ግን ከሱቁ ትርፍ ላይ ተቀነሰ።

አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ከተማ የሚያነብ ለቃሚ ባለማግኘታቸው ይቅርታ ጠየቁ። የዛሬው ነጋዴ ግን የሚያነብ ሰው በሰፈሩ ሞልቶለታል። ኮንቴይነር ከመታሸጉ በፊት ፓኪንግ ሊስቱን የሚያመሳክር አስመጪ፥ የፊደሉንም ነገር በዚያው ልማድ ቢመለከተው ከኪሣራ ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።